የፖርቱጋል ሻምበሎች ቀን ቆርጠው ነበር

(ለአንድ የወጣቶች የንባብ ክበብ አባላት ያደረግሁት ንግግር ጽሑፍ)



የሰጣችሁኝ ርዕስ «ወታደርና ፖለቲካ በአውሮፓ» የሚል ነበር። አውሮፓ ሰፊ ነው። በተፈቀደልኝ ጊዜ አዟዙሬ አልጨርሰውም። ስለዚህ አንዲት ትንሽ አገር መርጫለሁ፤ ፖርቱጋልን። ለምን ፖርቱጋል? ምክንያቴን ልናገር።

በማሊ በ2020 እና በ2021፣ በጊኒ በ2021፣ በቡርኪና ፋሶ በ2022፣ በኒጀር በ2023 ወታደር ቤተ መንግሥት ሲገባ አደባባይ ወጥቶ ያጨበጨበው ወጣት ብዙ ነበር። (ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በእኛ ስቆጥር እነግራችኋለሁ።) በዚያ ወጣት አልፈርድም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ሲቪሉ ሲያንገሸግሸው ነው መለዮ የናፈቀው። እኛም ዘንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ብታዳምጡ «አንድ ቆራጥ መኮንን ቢነሳ እኮ…» የሚል ሰው አታጡም። «ከወታደር መንግሥት ምን ደግ ነገር ተገኝቶ ያውቃል?» ብላችሁ ብትሞግቱት፣ ሰውየው ትንሽ ያነበበ ከሆነ መልስ አያጣም። «ፖርቱጋልስ?» ይላችኋል።

እውነቱን ነው። በፖርቱጋል ወታደር አምባገነን ጥሎ ዲሞክራሲ እንዲተከል አድርጓል። ታንኩ ላይ የወጡት ልጆች፣ አፈሙዙ ላይ የተሰካው ቀይ አበባ፣ ፎቶግራፉ ዓለምን ዞሯል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ወታደሩ በየትኛው በር እንደ ገባ ሁሉም ያወራል። በየትኛው በር እንደ ወጣስ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ መውጫው በር ነው።

ነገሩ የሆነው በ1974 ነው። በእኛ 1966 ማለት ነው። አዎን፣ ያው ዓመት ነው! ጥር ወር ላይ የነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውሃ ምክንያት አምፀው፣ ሊያነጋግራቸው የመጣውን ጄኔራል እነሱ የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። ከሦስት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1966፣ የፖርቱጋል ሻምበሎች ብረት ለበስ አስነስተው ሊዝበን ገቡ። ሁለት ያረጁ ሥርዓቶች በአንድ ዓመት በየራሳቸው ወታደር ተነቀሉ። የእኛው የት እንደ ደረሰ እኔ አልነግራችሁም፤ ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋል።

(በነገራችን ላይ ከፖርቱጋል ወታደር ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። በ1541 በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ አዛዥነት ምፅዋ ላይ የወረዱት 400 ገደማ ነፍጠኞች ከአፄ ገላውዴዎስ ጎን ተሰልፈው ተዋግተዋል። «ነፍጠኛ» ያልሁት በጥንቱ ትርጉም ነው፤ ነገር እንዳታመጡብኝ!)

ወደ ሊዝበን እንመለስ። በ1926 ወታደሩ መፈንቅለ መንግሥት አካሄደ። ካዝናው ባዶ ሲሆንበት በ1928 ከኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር አስጠርቶ የገንዘብ ሚኒስትር አደረገው። አንቶኒዮ ሳላዛር ይባላል። ሒሳብ ሊያስተካክል የገባው ሰው በ1932 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ1933 ሕገ መንግሥት አውጥቶ ሥርዓቱን «አዲሱ መንግሥት» ብሎ ሰየመው። ይኸው «አዲስ» እስኪያረጅ ድረስ 41 ዓመት ቆየ። ሳላዛር ራሱ በ1968 ታሞ እስኪወድቅ ከወንበሩ አልተነሳም።

ምርጫ ነበረ፤ ተቃዋሚ ግን አያሸንፍም። በ1958 ሁምቤርቶ ዴልጋዶ የሚባል ጄኔራል ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ፣ ብመረጥ ሳላዛርን አባርረዋለሁ ብሎ በአደባባይ ቢናገር ሕዝቡ በየከተማው ግር ብሎ ወጣለት። ቆጣሪዎቹ ሩብ ያህል ድምፅ ሰጥተው ሸኙት። ከዚያ በኋላ መንግሥት ምን አደረገ መሰላችሁ? ፕሬዚዳንቱ ከእንግዲህ በሕዝብ አይመረጥም ብሎ ሕጉን ቀየረ። ዴልጋዶን ደግሞ በ1965 በስፔን ድንበር አጠገብ የፒዴ ሰዎች ገደሉት። ፒዴ የምሥጢር ፖሊሱ ስም ነው። ጋዜጣም ነበረ፤ ግን የሳንሱር ሹም በሰማያዊ እርሳስ ሳይሰርዝበት አይወጣም ነበር። ይህች አገር በ1949 ኔቶ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። የነፃው ዓለም ማኅበር አባልነት መስፈርቱ እንግዲህ ይህን ያህል ነበር!

ሥርዓቱን የገደለው ታዲያ ማነው? ሻምበሎቹ ናቸው የሚል ብዙ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የአፍሪካን ጫካ እጠራለሁ። አንጎላ በ1961፣ ጊኒ ቢሳው በ1963፣ ሞዛምቢክ በ1964 ጠመንጃ አነሱ። ዘጠኝ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አገር በሦስት ግንባር 13 ዓመት ተዋጋች። ወጣቱ እስከ አራት ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈሳል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን በአፍሪካ ያሳልፋል። አምልጦ በእግሩ ፒሬኔን ተራራ አቋርጦ ፈረንሳይ የገባው ስፍር ቁጥር የለውም። በጊኒ ቢሳው የነፃነቱ መሪ አሚልካር ካብራል በጥር 1973 ኮናክሪ ላይ ሲገደል «አለቀ» ተብሎ ነበር። ድርጅቱ ግን በዚያው ዓመት የፖርቱጋልን አውሮፕላን በሚሳይል መጣል ጀመረ፤ መስከረም ላይ ነፃነቱን በራሱ አፍ አወጀ። ጦርነቱ እንደማይሸነፍላቸው ከሁሉ ቀድመው ያወቁት ጫካ ውስጥ የሚያድሩት ሻምበሎች ነበሩ። ሊዝበን የተቀመጡት ጄኔራሎች ካርታ ያያሉ፤ ሻምበሉ ሬሳ ይሸኛል።

እንዲህም ሆኖ ሻምበሎቹን መጀመሪያ የሰበሰባቸው የአፍሪካ ነፃነት አይደለም። እቅጩን እንነጋገር፤ የማዕረግ ነገር ነው። በ1973 መንግሥት መኮንን ሲያጥረው፣ ከብሔራዊ ውትድርና የመጡ መኮንኖች አጭር ኮርስ ወስደው የቋሚ ጦር መኮንን እንዲሆኑና የቀድሞ አገልግሎታቸው እንዲቆጠርላቸው አዋጅ አወጣ። የጦር አካዳሚ የጨረሰው ሻምበል ትናንት የመጣው ሊቀድመው ነው። ተንጨረጨረ! መስከረም 1973 ኤቮራ አጠገብ ባለ አንድ እርሻ ውስጥ ከ130 በላይ መኮንኖች የሽርሽር ግብዣ መስለው ተሰበሰቡ። የነገሌው በውሃና በእህል፣ የሊዝበኑ በማዕረግ ተጀመረ ማለት ነው። ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም። ትልቅ ነገር በትንሽ ብሶት ይጀመራል። ችግሩ ወታደር የራሱን ብሶት የሕዝብ ብሶት ብሎ የጠራ ዕለት ሚዛኑ የሚጠፋበት መሆኑ ነው። የፖርቱጋሎቹ በጥቂት ወር ውስጥ ከማዕረግ ወደ ጦርነቱ፣ ከጦርነቱ ወደ ሥርዓቱ ተሸጋገሩ።

በየካቲት 1974 ምክትል ኤታ ማዦር ሹሙ ጄኔራል ስፒኖላ «ፖርቱጋልና መጪው ጊዜ» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ጦርነቱ በጠመንጃ አይፈታም ይላል። ባለ አንድ መነፅር፣ አለንጋ የማይለየው የድሮ ፈረሰኛ ነው እንዲህ ያለው! ሳላዛርን የተካው ማርሴሎ ካኤታኖ በመጋቢት ስፒኖላንና አለቃውን ጄኔራል ኮስታ ጎሜስን ከሥልጣን አነሳ። የቀሩትን ሽማግሌ ጄኔራሎች ደግሞ ታማኝነታቸውን እንዲገልጹ ጠርቶ አሰለፋቸው። ሕዝቡ «የቁርጥማት ብርጌድ» ብሎ ሳቀባቸው። ገዢ መሳቂያ ሲሆን ቀኑ ቀርቧል።

ስለ ኤፕሪል 25 ብዙ አልቆይም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ55 ላይ አንድ ሬዲዮ የፍቅር ዘፈን አሰማ፤ ተዘጋጁ ማለት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ላይ ሌላ ሬዲዮ የጆዜ አፎንሶን ዘፈን አሰማ፤ ውጡ ማለት ነው። ሻለቃ ኦቴሎ ሳራይቫ ዴ ካርቫልዮ ከአንድ ጦር ሠፈር ሆኖ ዘመቻውን ይመራ ነበር። ከሳንታሬም የብረት ለበስ ትምህርት ቤት 240 ያህል ወታደር ይዞ የተነሳው ሻምበል ሳልጌይሮ ማያ ዕድሜው 29 ነበር። ሊዝበን ሲገባ ቀይ መብራት ይዞት ቆመ ይባላል። መንግሥት ሊገለብጥ እየሄደ የትራፊክ ሕግ የሚያከብር ወታደር! ወንዙ ዳር አደባባዩ ላይ ለመንግሥት ያደረ ብርጋዴር ታንክ ይዞ ፊቱ ቆመ። ማያ ነጭ መሐረብ በእጁ፣ የእጅ ቦምብ በኪሱ አድርጎ ወደ ታንኩ ተራመደ። ብርጋዴሩ «ተኩስ!» አለ። መኮንኑ እምቢ አለ፤ ታሰረ። ታንኩ ውስጥ ያለውን አሥር አለቃ አዘዘ። አሥር አለቃው ላዩን ቆልፎ አልተኩስም አለ። ሥርዓቱ ያለቀው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ካኤታኖ ከተሸሸገበት የዘብ ጦር ሰፈር ለሻምበል እጅ አልሰጥም፣ ሥልጣን ጎዳና ላይ እንዳይወድቅ ለጄኔራል ስፒኖላ አስረክባለሁ አለ። አንዲት የምግብ ቤት ሠራተኛ ለወታደሮቹ ካርኔሽን የሚባለውን ቀይ አበባ አደለች፤ አብዮቱም ስሙን ከዚያ አገኘ። ያለ ደም ተፈጸመ ሲባል ግን ማስተካከያ አለኝ። በዚያ ምሽት ፒዴ ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት ሕዝብ ላይ ተኩሶ አራት ሰው ገድሏል። ስለ አበባው ሲወራ እነዚህ አራቱ ይረሳሉ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ሻምበሎቹ «የጦር ኃይሎች ንቅናቄ» በሚል ስም ባወጡት ፕሮግራም ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። የሕገ መንግሥት ጉባኤ በ12 ወር ጊዜ ውስጥ በሕዝብ ይመረጣል ትላለች። ልብ በሉ፤ «ሁኔታው ሲረጋጋ» አይልም፤ «ሕዝቡ ሲነቃ» አይልም። 12 ወር ይላል። የእኛው ደርግ በመስከረም 1967 ሲመጣ በስሙ ላይ «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ነበረው። ጊዜው ግን አልተጻፈም። ያ «ጊዜያዊ» እስከ መስከረም 1980 አሥራ ሦስት ዓመት ዘለቀ። ቀን የሌለው ጊዜያዊ ዘላለማዊ ነው።

ቀን መቁረጥ ብቻውን ይበቃል ወይ? አይበቃም። ቀን ቆርጦ ቀኑን የሚበላ መለዮ ለባሽ ሞልቷል። ፖርቱጋል ውስጥም ቀኑን ለመብላት ያልተሞከረ የለም። ስፒኖላ ፕሬዚዳንት ሆኖ ከሻምበሎቹ ጋር ስለ አፍሪካ ነፃነት ተጣልቶ በመስከረም 1974 መጨረሻ ለቀቀ። ማርች 11 ቀን 1975 በጦር ሊመለስ ሞክሮ ከሽፎበት ወደ ስፔን ሸሸ። ሙከራው ለግራዎቹ ሰርግና ምላሽ ሆነላቸው። በሰዓታት ውስጥ መኮንኖች ብቻ የተሰባሰቡበት «የአብዮት ምክር ቤት» ተቋቋመ፤ ባንክና ኢንሹራንስ ተወረሰ። በንቅናቄው ስብሰባ ላይ ምርጫ ምን ያደርጋል፣ ሕዝቡ ገና ነው፣ ቄስና ቱጃር ያታልለዋል የሚሉ በረቱ። ይህን አነጋገር የት ነው የምናውቀው? ምርጫው ባይቀርም ፓርቲዎቹ አስቀድመው ውል እንዲፈርሙ ተደረገ፤ ማንም ያሸንፍ ማን የአብዮት ምክር ቤቱ ለዓመታት ከበላይ ይቆያል የሚል ውል። ወታደሮች በየገጠሩ እየዞሩ ያልወሰነ ሰው ባዶ ወረቀት ይክተት ብለው መከሩ። ባዶ ወረቀት ከበዛ «ሕዝቡ ፓርቲ አልፈለገም፣ እኛን ነው የፈለገ» ሊሉ ነዋ!

ኤፕሪል 25 ቀን 1975፣ ልክ በዓመቱ፣ ምርጫው ተደረገ። ከተመዘገበው ሕዝብ ከ91 በመቶ በላይ ወጣ። ማንበብ የማይችለው ገበሬ፣ በዕድሜዋ ድምፅ ሰጥታ የማታውቅ አሮጊት፣ ከንጋት ጀምሮ ተሰለፈ። ባዶና የተበላሸው ወረቀት አንድ ላይ 7 በመቶ ገደማ ነበር። የማሪዮ ሶአሬስ ሶሻሊስት ፓርቲ 38 በመቶ ያህል፣ ሕዝባዊ ዲሞክራቶቹ 26 በመቶ አገኙ። ሬዲዮውን፣ ጋዜጣውን፣ የሠራተኛ ማኅበሩንና የጠቅላይ ሚኒስትር ቫስኮ ጎንሳልቬስን ጆሮ ይዟል የተባለው ኮሙኒስት ፓርቲ 12 ተኩል በመቶ ላይ ቀረ።

በዚያ ቀን ሥልጣን እጅ አልለወጠም። ጎንሳልቬስ እስከ መስከረም ገዛ። የተለወጠው ሌላ ነው። እስከዚያ ድረስ ማንኛውም ሻለቃ ተነስቶ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» ማለት ይችል ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሕዝቡ ምን እንዳለ በመቶኛ ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሻለቃው ሊገዛ ይችላል፤ «በሕዝቡ ስም» ሲል ግን የሚያምነው አጣ። የመውጫው በር የተከፈተው ያን ቀን ነው የምለው ለዚህ ነው። ቁልፉ ደግሞ ሻምበሎቹ ራሳቸው ገና ባልተጣሉበት፣ ቅን በነበሩበት በመጀመሪያው ዕለት የጻፏት ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት። ዘግይተው ቢሆን ኖሮ አይጽፏትም ነበር።

ያ በጋ «የጋለው በጋ» ይባላል። በሰሜን የኮሙኒስት ፓርቲ ጽሕፈት ቤቶች ተቃጠሉ። በደቡብ የትልልቅ ባለርስቶች መሬት ተያዘ። ለእኛ ለጋዜጣ ሰዎች የማይረሳው ግን የ«ሪፑብሊካ» ጋዜጣ ነገር ነው። «ሪፑብሊካ» በሳላዛር ዘመን ሰማያዊውን እርሳስ ተቋቁሞ የኖረ ጋዜጣ ነው። ግንቦት 1975 የማተሚያ ሠራተኞቹ ለሶሻሊስቶች ያደላል ብለው አዘጋጆቹን ከለከሉና ያዙት። ወታደሩ መጥቶ ቤቱን አሸገ፤ ኋላም ለአዘጋጆቹ ሳይሆን ለያዙት ሰጠው። ሶሻሊስቶቹ በሐምሌ ከመንግሥት የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ጋዜጣ ምክንያት! ሶአሬስ ሊዝበን ላይ ታላቅ ሰልፍ ጠርተው ጎንሳልቬስ ይውረድ አሉ። በእጃቸው አንድም ጠመንጃ የለም፤ ያቺ 38 በመቶ ግን አለች።

ወታደሩ ራሱ በሦስት ተከፈለ። የጎንሳልቬስ ወገን አለ። የዘመቻ አዛዡ የኦቴሎ ወገን አለ፤ ሕዝባዊ ሸንጎ እንጂ ፓርቲ አያስፈልግም የሚል። ሦስተኛው በሻለቃ ሜሎ አንቱኔስ የሚመራ የዘጠኝ መኮንኖች ቡድን ነው። በነሐሴ አንድ ሰነድ አወጡ። የምሥራቅ አውሮፓን ሶሻሊዝም አንፈልግም፣ ሕዝቡ የመረጠውን ወደ ጎን ትተን የምንገነባው ሥርዓት በጉልበት እንጂ አይቆምም የሚል መልእክት ነበረው። ከአብዮት ምክር ቤቱ ታገዱ። ሰነዱ ግን በየጦር ሰፈሩ እየዞረ ተፈረመ፤ በመስከረም ጎንሳልቬስ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ወር ሊያስቅም ሊያስለቅስም ይችላል። አዛዥ ያዛል፤ ወታደሩ ተሰብስቦ ድምፅ ይሰጥበታል። በኖቬምበር የግንባታ ሠራተኞች ሕገ መንግሥት የሚያረቀውን ጉባኤ ከበው ተመራጮቹን ከአንድ ቀን በላይ አገቱ። ነፃ ያወጣቸው ወታደር አልተገኘም። መንግሥት ሬዲዮ ጣቢያ መቆጣጠር ቢያቅተው ማሠራጫውን በፈንጂ አጋየው። በመጨረሻ ኖቬምበር 20 ቀን ካቢኔው ራሱ የሥራ ማቆም አድማ መታ። አዎን፣ መንግሥት አድማ መታ! ጦሩ ካልታዘዘን አንሠራም አለ።

ኖቬምበር 25 ቀን ፓራትሩፐሮች ተነስተው የአየር ኃይል ጦር ሠፈሮችን ያዙ። እስካሁን ማን እንዳዘዛቸው ፖርቱጋሎች ይከራከራሉ። ኮሎኔል ራማልዮ ኤያኔስ የሚባሉ፣ ፈገግታ የማያውቁ መኮንን አስቀድመው ያዘጋጁትን ዕቅድ አወጡ፤ የአማዶራ ኮማንዶዎች ወጥተው አመፁን በሁለት ቀን ውስጥ ጨረሱት። ሦስት ወታደሮች ሞቱ።

የመውጫው በር ሁለተኛ መዝጊያ እዚህ ላይ ነው ያለው። አሸናፊዎቹ ያን ጊዜ ኮሙኒስት ፓርቲውን ለማገድና ቂም ለመወጣት ይችሉ ነበር። ይህንኑ የሚጠይቅ ድምፅም ከፍ ብሎ ይሰማ ነበር። በማግስቱ ሜሎ አንቱኔስ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ያለ ኮሙኒስት ፓርቲ ተሳትፎ ዲሞክራሲ አይገነባም አሉ። የታሰሩት መኮንኖች ተፈቱ። ኦቴሎ ታስሮ ተፈታና በሰባት ወሩ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፤ 16 በመቶ ተኩል አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ። ያ ኖቬምበር 25 በእኛ ህዳር 15 ቀን 1968 ነበር። ህዳር 14 ቀን 1967 እኛ ዘንድ ምን እንደተደረገ ታውቃላችሁ። 60 ያህል ሰው ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ተረሸነ። በሁለቱ ህዳሮች መካከል ያለው ዓመት ከአንድ ቀን ነው። እነሱ ዘንድ የተሸነፈው ወገን በሕይወት ተርፎ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄደ። እኛ ዘንድ ከዚያች ሌሊት በኋላ ሥልጣን መልቀቅ ራስን ለገመድ መስጠት ሆነ። ደም ያለበት ወታደር እንዴት አድርጎ ወደ ጦር ሠፈሩ ይመለሳል?

ፖርቱጋሎቹን ቅዱስ እንዳላስመስላቸው ደግሞ። ከአፍሪካ የወጡት እንደተቃጠለ ቤት እየዘለሉ ነው። አንጎላ በኖቬምበር 1975 ነፃ ስትወጣ ባንዲራው የተረከበ መንግሥት አልነበረም፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ እስከ 2002 ዘለቀ። ምሥራቅ ቲሞርን በታኅሣሥ 1975 ኢንዶኔዥያ ወረረቻት፤ ሊዝበን አላስጣለቻትም። የገዛ ልጆቻቸውንም ረስተዋል። ያ ቀይ መብራት ላይ የቆመው ሻምበል ማያ ሹመት አልፈልግም ብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ የተመለሰ ሰው ነው። በኋላ ለአገሩ ላደረገው ልዩ አገልግሎት ጡረታ ቢጠየቅለት ሳይሰጠው ቀረ። ያው መንግሥት ለሁለት የቀድሞ የፒዴ ሰዎች ግን ጡረታ ፈቀደ። ማያ በ1992 በ47 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። ኦቴሎም በ1980ዎቹ ከታጠቀ ቡድን ጋር በተያያዘ ተፈርዶበት ኋላ ምሕረት ተደረገለት።

የቀረኝ የመውጣቱ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ በኤፕሪል 1976 ጸደቀ። በዚያው ዓመት ኤያኔስ ከ61 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው ፕሬዚዳንት፣ ሶአሬስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። አለቀ እንዳትሉ! የአብዮት ምክር ቤቱ አሁንም አለ። በውሉ መሠረት ማንም ያልመረጣቸው መኮንኖች ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አይጋጭም ብለው ይወስናሉ፤ ስለ ጦሩ ራሳቸው ሕግ ያወጣሉ። በሕዝብ የተመረጠ ፓርላማ ስለ ወታደር ደመወዝ እንኳ አይናገርም። ይህ ስድስት ዓመት ቆየ። አብዮት አድርጎ ወደ ጦር ሠፈር መመለስ በፎቶግራፉ ላይ እንደሚታየው በአንድ ቀን አይደለም፤ በድምሩ ስምንት ዓመት ነው የፈጀው። እነሱ እንኳ፣ ቀን የቆረጡት፣ ያልተራረዱት!

በዚህ መሐል ጦሩ ቀለለ። ከ200 ሺህ በላይ የነበረው ሠራዊት አፍሪካ ሲቀር ወደ ጥቂት አሥር ሺዎች ወረደ። ኤያኔስ በኤታ ማዦርነታቸውም በፕሬዚዳንትነታቸውም ወታደሩን ወደ ልምምድ ሜዳ መለሱ፤ በስብሰባ ድምፅ የሚሰጥበት ትእዛዝ ቀረ። በ1982 ፓርላማው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የአብዮት ምክር ቤቱን ሻረ። ሕግ የመመርመሩን ሥራ ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሰጠ። መኮንኖቹ ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ። አንድም ታንክ ሞተር አላስነሳም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የመከላከያ ሕጉ መጣ። ጦሩን ከሲቪል መከላከያ ሚኒስትር ሥር የሚያደርግ፣ ኤታ ማዦር ሹሞቹ በመንግሥት አቅራቢነት እንዲሾሙ የሚል ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ኤያኔስ አልወደዱትም። ጄኔራል ናቸው፤ ጦሩን ያዳኑ ሰው ናቸው፤ በሕዝብ ሁለት ጊዜ የተመረጡ ናቸው። ሕጉን አልፈርምም ብለው መለሱት። ፓርላማው ተሰብስቦ በድጋሚ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጸደቀው። ሕገ መንግሥቱ እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ ፕሬዚዳንቱ የግድ ይፈርማል ይላል።

ጄኔራሉ ፈረሙ። ሕጉ በዲሴምበር 1982 ወጣ። በ1986 ዘመናቸው ሲያልቅ ወንበሩን ለማሪዮ ሶአሬስ አስረክበው ሄዱ፤ ከ60 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ሲቪል ፕሬዚዳንት መሆናቸው ነው።